የሞለኪውል ቅርጽ ሳትሸመድዱ እንዴት ይታወቃል?

ከተማው ጫፍ ላይ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ የቅርጾቹን ሰንጠረዥ ሸምድደው ነው የሚመጡት። ሊኒየር (ቀጥ ያለ)፣ ቤንት (የጎበጠ)፣ ቴትራሄድራል (ባለ አራት ፊት) እያሉ ይወርዱታል። "እሺ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድስ?" ስላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ወይም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አንድ ነው ይሉኛል። አንድ አይደለም። ልዩነቱን የሚያወጣው ቆጠራ ነው።

መጀመሪያ ቫለንስ ኤሌክትሮኖቹን፣ ማለትም በየአቶሙ የውጨኛው ዛጎል ላይ ያሉትን፣ ደምሩ። 6 ከሰልፈር፣ 12 ከሁለቱ ኦክስጅኖች፣ በድምሩ 18። ከዚያ ሉዊስ ስትራክቸሩን፣ ማለትም ቦንዶቹ (አቶሞች የሚጋሯቸው የኤሌክትሮን ጥንዶች) እና የቀሩት ኤሌክትሮኖች የት እንዳሉ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሥሩ። ቦንዶቹንና የኦክስጅኖቹን ድርሻ ስታሟሉ ሰልፈር ላይ 2 ኤሌክትሮን ይተርፋል። ሎን ፔር የምንለው ይህንን ነው። አሁን በሰልፈር ዙሪያ ኤሌክትሮኖቹ በስንት አቅጣጫ እንዳሉ ቁጠሩ። ደብል ቦንድም ሆነ ትሪፕል ቦንድ እንደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ቦንድ፣ አንድ ሎን ፔር፣ ሦስት አቅጣጫ። ስለዚህ ሞለኪውሉ ይጎብጣል፤ አንግሉ 119 ዲግሪ ገደማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያለው 16 ነው፤ ካርቦኑ ላይ የሚተርፍ የለም። ሁለት አቅጣጫ ብቻ፣ 180 ዲግሪ፣ ቀጥ ያለ መስመር።

ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ የቻሉትን ያህል ተራርቀው ይቆማሉ። ኬሚስቶቹ ሲጅዊክና ፓወል እ.ኤ.አ. በ1940 ያነሱትን ይህን ሐሳብ ሌሎቹ ኬሚስቶች ጊሌስፒና ናይሆልም በ1957 አስፋፍተውታል። በዓይን ማየት የሚፈልግ ከሰፈር ሱቅ አራት ፊኛ ይግዛ። እኩል ነፍታችሁ ሁለት ሁለቱን በአፋቸው እሰሩ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንድ አንገታቸው ላይ ጠምዝዙ። (በረንዳ ላይ አይሆንም፣ የኮዬ ነፋስ ይወስደዋል።) ጠረጴዛ ላይ ተጭናችሁ ጠፍጣፋ ልታደርጓቸው ሞክሩ። እጃችሁን ስታነሱ ሦስቱ እግር ይሆናሉ፣ አንዱ ወደ ላይ ይቆማል። ቴትራሄድራል ይሄ ነው።

ሚቴን፣ አሞኒያና ውሃ ሦስቱም አራት አቅጣጫ አላቸው። አንግላቸው ግን 109.5፣ 107 እና 104.5 ዲግሪ ነው። ሎን ፔርን የሚስበው አንድ ኒውክለስ ብቻ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል፣ ቦንዶቹንም ያጠጋጋቸዋል። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የቅርጹ ስም የሚወጣው በአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። አሞኒያ ትራይጎናል ፒራሚዳል (መሠረቱ ሦስት ማዕዘን የሆነ ፒራሚድ) እንጂ ቴትራሄድራል አይባልም።

አምስት አቅጣጫ ሲሆን ቦታዎቹ እኩል አይደሉም። ሦስቱ ወገብ ላይ በ120 ዲግሪ፣ ሁለቱ ላይና ታች ናቸው። ሰልፈር ቴትራፍሎራይድን እንይ። ከ34 ኤሌክትሮን 32ቱን ቦንዶቹና ፍሎሪኖቹ ይወስዳሉ፤ 2 ይተርፋል። የት ይቀመጥ? ላይ ቢሆን በ90 ዲግሪ ሦስት ጎረቤት አለው፣ ወገብ ላይ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ወገብ ላይ ነው። ስድስት አቅጣጫ ይቀላል፤ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ሎን ፔሮች ሁለት ከሆኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆማሉ። ዜኖን ቴትራፍሎራይድ ጠፍጣፋ ካሬ የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ዘዴ የትራንዚሽን ሜታሎችን (እንደ ብረትና መዳብ ያሉትን) ውህዶች ቅርጽ ለመገመት አትሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አሁን ክሎሪን ትራይፍሎራይድን ብቻችሁን ሥሩ። ድምሩ 28 ነው፣ ክሎሪን ላይ ሁለት ሎን ፔር ይቀራል። የ"ቲ" ቅርጽ ካልመጣላችሁ ሎን ፔሮቹን የት እንዳስቀመጣችሁ እዩ።