ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ሳይመጣ፦ ለጅማ ቢሮዎችና ሱቆች

ራንሰምዌር ሰነድ፣ ፎቶና የሒሳብ መዝገብ ቆልፎ መክፈቻውን በገንዘብ የሚሸጥ ፕሮግራም ነው። ሄርማታ መርካቶ ያለ የቡና ነጋዴ ቢሮም፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤትም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪም ለእሱ ያው ናቸው። አንቲቫይረስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ምክንያቱን ወደታች እናየዋለን፤ መጀመሪያ የሚገባበትን እንዝጋ።

ዋናው መግቢያ ክራክ ነው። ኦፊስ ወይም ፎቶሾፕ በነጻ ለማስነሳት የሚጫነው አክቲቬተር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ብሎ ነው። ስቶፕ ዲጄቩ የሚባለው የራንሰምዌር ዓይነት በዋናነት የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። ፋይል ከመቆለፍ አልፎ በአሳሹ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራምም ይዞ ይገባል። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለፎቶ ጂምፕ ይበቃል፤ ሁለቱም በሕጋዊ መንገድ ነጻ ናቸው። ኮምፒውተር ፎርማት የሚያደርግላችሁን ልጅ ምን እንደጫነ ጠይቁት። "ሁሉንም ጭኜልሃለሁ" ካለ ደስ አይበላችሁ።

ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ከሩቅ እንዲገባ ተብሎ የሚከፈተው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፖርት 3389ን (ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር) በራውተሩ ላይ በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱ፤ የይለፍ ቃል ሲሞክሩ የሚያድሩ ማሽኖች አሉ። የግድ ካስፈለገ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) በኩል ይሁን።

ሦስተኛው ያልታደሰ ዊንዶውስ ነው። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሻግሩት።

ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለብቻ አንድ ነገር ያድርጉ፦ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር የራሳችሁ ፋይል የሌለበት ይሁን፤ ከሌሎቹ ጋር ፎልደር ሼር አያድርግ።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። ብዙ ቢሮ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለው፤ ችግሩ ዲስኩ ዓመቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ መዋሉ ነው። የተሰካ ዲስክ እንደማንኛውም ድራይቭ አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ አንዱን "ሀ" ሌላውን "ለ" ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። "ሀ" ቢሮ መሳቢያ ውስጥ፣ "ለ" ባለቤቱ ቤት ይቀመጥ፤ በየዓርቡ ይለዋወጡ። የሚሰኩት ለቅጂው ጊዜ ብቻ ነው። ባንድ ጊዜ ሁለቱን አትሰኩ።

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ የካምፓኒ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ የተቆራረጠ ዳታ ይወጣል። ሌሎቹ ሠራተኞች ከፕሮግራሙ ይውጡ፣ ከዚያ ፋይል የሚለው ውስጥ ባክ አፕን ተጫኑ። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ የትናንቱን አትደምስሱ። ሁልጊዜ በአንድ ስም የሚቀመጥ ከሆነ የተበላሸው በደህናው ላይ ይጻፋል። የቡና ግዢው በሚጧጧፍበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየቀኑ ማታ፣ በሌላው ጊዜ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ። መብራት መሀል ላይ እንዳይቆርጠው ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ጉግል ድራይቭ ይረዳል፣ ዲስኩን ግን አይተካም፤ የተቆለፈውን ፋይልም ታዝዞ ያመሳስላልና። በወር አንዴ ደግሞ ከዲስኩ አንድ ባክአፕ አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን በሚለው ሥር ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚል አለ፤ ያልተፈቀደ ፕሮግራም የተጠበቁ ፎልደሮች ላይ እንዳይጽፍ ይከለክላል፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው፣ አብሩት። የሚሠራው ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ዋና አንቲቫይረስ ሲሆን ብቻ ነው። የፒችትሪ ፎልደር በራሱ ስለማይካተት ጨምሩት፤ ፒችትሪንም ከተፈቀዱት ፕሮግራሞች ውስጥ አስገቡ፣ አለዚያ ሴቭ ማድረግ ይከለክላችኋል፤ ተናዳችሁም መልሳችሁ ታጠፉታላችሁ። የዕለት ሥራችሁን በአስተዳዳሪ አካውንት አትሥሩ። የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ፤ "ኢንቮይስ ዶት ፒዲኤፍ ዶት ኢኤክስኢ" የሚያታልለው መጨረሻው ሲደበቅ ነው።

ከተቆለፈባችሁስ? የኔትዎርክ ኬብሉን ንቀሉ፣ ዋይፋይ አጥፉ፣ የተሰካ ዲስክ አውጡ። ባክአፑን "ላረጋግጥ" ብላችሁ እዚያው ማሽን ላይ እንዳትሰኩት፤ ብዙ ሰው የመጨረሻ ተስፋውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ቅጥያውን በእጅ መቀየር ምንም አይፈታም። የተጻፈላችሁን መልእክት ፎቶ አንሱ፤ ፎርማት አታስቸኩሉ።

የዲጄቩ መልእክት ለዓመታት 980 የአሜሪካ ዶላር ይጠይቅ ነበር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490። መክፈል መክፈቻው እንደሚመጣ ዋስትና አይሆንም። ይልቅ መልእክቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር መጨረሻ እዩ፤ በ"ቲ1" (t1) ካለቀ በኦፍላይን ቁልፍ (ለብዙ ተጠቂዎች አንድ በሆነ ቁልፍ) ስለተቆለፈ ኤምሲሶፍት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ነጻ መፍቻ ሊፈታው ይችላል። ይህ ቫይረስ ከእያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ 150 ኪሎባይት ያህሉን ብቻ ስለሚቆልፍ፣ ትልልቅ ቪዲዮዎችና ብዙ ፋይል የያዙ ዚፖች በከፊል ይተርፋሉ። ሌላ ዓይነት ከሆነ ኖ ሞር ራንሰም በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሁለት የተቆለፉ ፋይሎችና መልእክቱን ጭናችሁ ዓይነቱን ለዩ፤ ሚስጥራዊ ሰነድ ግን አትጫኑ። ለፖሊስም አመልክቱ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው።

የኢሜይል፣ የባንክና የቴሌግራም የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹህ ስልክ ቀይሩ፤ ቴሌግራም ላይ የማታውቁትን መሣሪያ አስወጡ። ከዚያ ማሽኑን ፎርማት አድርጉ፣ ባክአፑን መልሱ። መፍቻ ያልተገኘላቸውን ፋይሎች አታጥፉ፣ አሮጌ ዲስክ ላይ አኑሯቸው፤ የቴስላክሪፕት ራንሰምዌር ሠሪዎች በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ዋና ቁልፉን ራሳቸው ሲለቁ መክፈት የቻሉት ፋይላቸውን ያልጣሉት ናቸው።