በልጆች የአንጀት ብግነት ላይ ደጋግመው የሚሠሩ ስህተቶች

የአምና ሱሪው ዘንድሮም ልኩ የሆነ የ12 ዓመት ልጅ ካለ፣ ሆዱን ባያመውም ስለ አንጀቱ መጠየቅ ተገቢ ነው። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ብግነት አንዳንዴ ተቅማጥ ሳያመጣ የልጁን ቁመት ያስቀራል፣ ጉርምስናውንም ያዘገያል። የመጀመሪያው ስህተት «አባቱም አጭር ነው» ብሎ ማለፍ ነው። የአንድ ቀን ልኬት ብዙ አይናገርም። የሁለት ሦስት ዓመቱን በዕድገት ሰንጠረዥ ላይ ቢያስቀምጡት ግን መስመሩ የታጠፈበት ቦታ ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረ ይጠቁማል።

ተቅማጥ በመጣ ቁጥር የአሜባ መድኃኒት መስጠት ሌላው ነው። ኢንፌክሽን ቀድሞ መጣራት አለበት፤ በዚህ ክርክር የለም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሳምንታት ካስቆጠረ፣ ልጁንም ሌሊት ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው ግን ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛ ጊዜ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ብግነት መኖሩን ያሳያል፤ ኢንፌክሽንም ከፍ ስለሚያደርገው ብቻውን አይበቃም። የደም ምርመራው ደህና ስለሆነ «ምንም የለበትም» ማለትም አያስኬድም፤ ቀለል ያለ አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ትልቁን አንጀት የሚያቆስል ሌላው የአንጀት ብግነት) ያለበት ልጅ የደም ውጤቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል።

በፊንጢጣ ዙሪያ እብጠት ወይም መግል ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ይባላል። ኪንታሮት በልጆች ብዙም አይታይም፤ ክሮንስ መታሰብ አለበት።

ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ አንጀትን ማየት) ሲደረግ ትልቁን አንጀት ብቻ አይቶ መመለስ ጎደሎ ምርመራ ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻም መታየት፣ ከላይ በአፍ በኩልም በተመሳሳይ ቱቦ ኢንዶስኮፒ መደረግ፣ ደህና ከሚመስለው ቦታ ጭምር ናሙና መወሰድ አለበት። የአንጀት ቲቢ ክሮንስን በጣም ስለሚመስል፣ እሱን ሳያጣሩ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ፣ የሰውነትን መከላከያ ግን የሚያዳክም መድኃኒት) መጀመር አደገኛ ነው።

ስለ ስቴሮይድ ካነሳን፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ልጁን በቶሎ ስለሚያሻሽለው ብዙዎች ይወዱታል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የተነሳውን ብግነት ያበርዳል እንጂ ለወራት የሚወሰድ ማቆያ አይደለም፤ ያንኑ የቀረውን ዕድገት የባሰ ይገታል። ለሳምንታት ከወሰዱት በኋላ በድንገት ማቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ክሮንስ ላለበት ልጅ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፈሳሽ የተመጣጠነ ምግብ ብቻ መቆየት ብግነቱን እንደ ስቴሮይድ ሊያበርድ ይችላል፣ ዕድገቱንም አይጎዳም። ለአልሰራቲቭ ኮላይተስ ግን አይሠራም። ከጎን «ትንሽ እንጀራ ምን ይጎዳዋል» የሚለው ርኅራኄ ነው ብዙውን ጊዜ ሕክምናውን የሚያበላሸው።

ሲሻለው መድኃኒቱን የሚተው ታዳጊ ብዙ ነው። «ትወስዳለህ?» ቢሉት በወላጆቹ ፊት «አዎ» ይላል። ለብቻው ሆኖ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ረሳህ?» ቢባል ግን ጣቱን ይቆጥራል።