አሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለመግባት ላሰባችሁ

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲባል የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። አትናቁት። ሁለት ዓመት እዚያ ተምራችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራላችሁ፣ ዲግሪውን የሚሰጣችሁ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ወጪው ግን በጣም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ኮሌጁ የውጭ ተማሪ መቀበሉን አረጋግጡ። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚኒቲ ኮሌጅ (ኖቫ) ይቀበላሉ፣ አካባቢውም ሐበሻ የሞላበት ነው። ወጪያችሁን የሚሸፍን የባንክ ማስረጃ ስታቀርቡ አይ-20 የሚባለውን፣ ለቪዛ የሚያስፈልገውን የኮሌጁን ቅጽ ይልኩላችኋል። ከዚያ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ 350 ዶላር ከፍላችሁ፣ ዲኤስ-160 የተባለውን የኦንላይን የቪዛ ማመልከቻ ሞልታችሁ የኤምባሲ ቀጠሮ ትይዛላችሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ "ለምን ኮሚኒቲ ኮሌጅ?" ሊሏችሁ ይችላሉ። "ርካሽ ስለሆነ" ብላችሁ አታቁሙ። ምን እንደምትማሩ፣ በኋላ የት ለመዛወር እንዳሰባችሁ፣ ማን እንደሚከፍልላችሁ በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

አክስታችሁ እዚያው ስቴት ለዓመታት ብትኖርም፣ በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የሄደ ተማሪ በአብዛኛው የነዋሪውን ዋጋ አያገኝም፣ ከፍ ያለውን ነው የሚከፍለው። ቤቷ ግን ትልቅ እፎይታ ነው፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ዶርም የላቸውም።

ከገባችሁ በኋላ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ኦንላይን የሚቆጠርላችሁ አንድ ኮርስ ብቻ ነው። የሒሳብ ኮርሱ ከበደኝ ብላችሁ የውጭ ተማሪዎች አማካሪውን ሳታናግሩ ድሮፕ ካደረጋችሁና ከ12 በታች ከወረዳችሁ የመኖር ፈቃዳችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ሥራም በመጀመሪያው ዓመት ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት። "በካሽ ነው የምንከፍልህ፣ ማን ያውቃል?" የሚላችሁን በፍጹም አትስሙ።

ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ ልትዛወሩበት ያሰባችሁት ዩኒቨርሲቲ ያንን ኮርስ እንደሚቀበል ከአማካሪያችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እዩት።