ለአየር ንብረት ለውጥ ትምህርት የሚሆን ቪዲዮ እንዴት መምረጥ እንደጀመርኩ

ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በመጀመሪያ ያሳየሁት ዘጋቢ ፊልም ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚተረክና ከዳር እስከ ዳር ስለ ዋልታ በረዶ የሚያወራ ስለነበር፣ ደወሉ ሲደወል ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ይባስ ብሎ አንዲት ተማሪ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን «380» ብላ በደብተሯ ጽፋ አየሁ። ፊልሙ ቆየት ያለ በመሆኑ እንጂ፣ ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ገደማ የነበረው መጠን ዛሬ ከ420 አልፏል።

ከዚያ ወዲህ የተሠራበትን ዓመት ሳላረጋግጥ ፊልም አልመርጥም። ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ቁራጭ ወስጄ፣ ድምፁን አጥፍቼ ራሴ በአማርኛ እተርካለሁ፤ መብራት ቢጠፋም ቢያንስ ትረካው አይቋረጥም።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ስለ ሐረማያ ሐይቅ መድረቅ የተሠራ አጭር ቪዲዮ ነው። ተራኪው ጥፋቱን ሁሉ በሙቀት መጨመር ያሳብባል፤ ሆኖም ለጫትና ለአትክልት መስኖ የተሳበው፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ የተወሰደው ውሃ፣ እንዲሁም ከተራቆተው ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለል ድርሻቸው ከባድ ነበር። ቪዲዮውን ከመጣል ይልቅ መሀል ላይ አቁሜ «ተራኪው ምን ዘለለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ዝምተኛ ልጅ «የውሃ መሳቢያ ሞተሩን» ሲል ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ውሃው በከፊል የተመለሰበትን ምስል አሳየኋቸው፤ ክርክሩ እስከ ዕረፍት ሰዓት ዘለቀ።