ልጅ ተደፍራ ስትመሰክር ዳኛው ምን ያያል?

«የዓይን ምስክር የለንም፤ የልጅ ወሬ ማን ይሰማል?» ከቢቸና እስከ ቡሬ ብዙ ወላጅ እንዲህ ብሎ ይተወዋል። አትተዉት! ሕጋችን ለዚህ ክስ ይህን ያህል ምስክር ይቅረብ አይልም። ወንጀሉ ሰው ፊት አይፈጸምምና የልጅቷ ቃል ራሱ ማስረጃ ነው። ወንድ ልጅም ቢሆን ያው ነው። ቃሉ የሚከብደውም የሚቀለውም ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚያደርገው ነው።

ከሁሉ በፊት ልጅቷን አታስጠኗት። «እገሌ ነው አይደል?» እያላችሁ ስም አትጥሩላት። «ምን ሆንሽ? አይዞሽ ንገሪኝ» በሉና ያለችውን በራሷ አነጋገር ከነቀኑ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ አክስት፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት በመጣ ቁጥር «እስቲ ድገሚው» ማለት ይቅር። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቃት «እናትሽ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?» ብሎ ነው።

ፖሊስ ጋ ስትሄዱ ሴት መርማሪ ጠይቁ። እዚያ የሰጠችው ቃል በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 145 መሠረት ችሎት ላይ ወጥቶ አሁን ከምትለው ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ስለዚህ የማታውቀውን ሰዓት እንድትገምት አታስጨንቋት። «ከብት ሲገባ»፣ «እማዬ ገበያ የሄደች ቀን» ካለች እንደዚያው ይጻፍ።

ዳኛው የሚመዝነው ዋናው ነገር ጸንቷል ወይ የሚለውን ነው። ማን፣ የት፣ ምን አደረገ። የልብስ ቀለም ብትሳሳት ክሱ በዚያ ብቻ አይወድቅም። በዕድሜዋ ልታውቀው የማይገባ ዝርዝር በልጅ ቋንቋ ስትናገር ደግሞ ክብደት አለው። ለማን ቀድማ ነገረች፣ ለምንስ ዘገየች? አስፈራርቷት ከሆነ ይነገር። ከተከሳሹ ጋር የድንበር ወይም የውርስ ጠብ ካላችሁም ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ተደብቆ ችሎት ላይ ሲወጣ እውነተኛውን ቃል ፈጠራ ያስመስለዋል።

ሐኪም ቤት በ72 ሰዓት ውስጥ ድረሱ፤ የኤችአይቪ መከላከያው ከዚያ በኋላ አይሰጥም። ሳትታጠብ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ልብሷን አትጠቡት፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሉት። ሐኪሙ «ጉዳት አላየሁም» ብሎ ቢጽፍ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ የተደፈሩ ልጆች ላይ ምልክት አይገኝም፣ ቶሎም ይድናል።

ዕድሜዋን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ሰብስቡ፤ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ከ13 እስከ 18 ላለች ደግሞ በኃይል ወይም በማስፈራራት ከተደፈረች ከ5 እስከ 20፣ ያለዚያ ከ3 እስከ 15።

ሽማግሌ ይመጣል። በካሣ እንጨርሰው ይላል። ነገሩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ እርቁ ክሱን አይዘጋም፤ ልጅቷን ግን ዝም ያሰኛታል፣ ቃሏን ያስለውጣታል፣ ያኔ ዳኛው የሚይዘው ነገር ያጣል። እባካችሁ በሯን ዝጉባቸው።

ተከሳሹ ምስክሯን የመጠየቅ መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ሰጥቶታል። ያው አንቀጽ ችሎቱ በዝግ እንዲሆንም ይፈቅዳል። ከቀጠሮው በፊት ዐቃቤ ሕጉን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ችሎቱ በዝግ ይሁንልን፣ የተከሳሹን ፊት ሳታይ የምትመሰክርበት ክፍል ወይም መጋረጃ ይኑር። ለልጅቷም «አላውቅም» እና «አልገባኝም» ማለት እንደሚቻል ንገሯት። ከዚያ በላይ ስለ ምስክርነቱ ምንም አትንገሯት።