የወተት ታንከሩ ዝገት እንዴት ቆመ

ሱሉልታ ካለ አንድ የወተት መሰብሰቢያ “ታንከራችን ዛገ” ብለው ጠሩኝ። ስቴንለስ ነው። ግን ብየዳው ዳር ዳሩን የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች ሞልተውታል። በጣት ሲነካ ይሻክራል።

ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። ከ10.5 በመቶ በላይ ሲሆን በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫርም ኦክስጅን ካገኘ መልሶ ይሸፈናል። ይህ ታንከር 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ነው፤ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ለወተት ይበቃል። ለበረኪና ግን አይበቃም! በየቀኑ በበረኪና ሲታጠብ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የሚባል ጨው ሽፋኑን እየበሳ ገብቷል። የብየዳ ሙቀት ባጠቆረው ቦታ ሥር ደግሞ ክሮሚየሙ ስለሚሳሳ፣ ዝገቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

የተበላውን ቆርጬ 316ኤል በሚባል ሌላ የስቴንለስ ዓይነት ተካሁት፤ የብየዳ ዘንጉም ያው 316ኤል። ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለው፤ ክሎራይድን የሚቋቋመው በዚህ ነው። ካርበኑም ከ0.03 በመቶ አይበልጥም፤ ካርበን ሲበዛ በብየዳ ሙቀት ክሮሚየሙን ይሻማል። የጠቆረውን በአሲድ አጸዳሁት። እባካችሁ የተራ ብረት ብሩሽ አታስነኩት፤ የሚተወው ብናኝ ራሱ ይዝጋል።

አሁን የሚታጠበው በኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። አዲስ ነጥብ አልታየም።