ከደመወዛችሁ ምን እንደሚቆረጥ ራሳችሁ አስሉት

የመጀመሪያ ደመወዜን የጠበቅኩት በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ባለው ቁጥር ነበር። ኪራዩን፣ ብድሩን፣ ለቤተሰብ የምሰጠውን ሁሉ በዚያ ደልድዬ ጨርሻለሁ። አካውንቴ ውስጥ የገባው ግን ሩብ ያህል ጎድሎ ነው። ማንም አልበላኝም። የነገሩኝ ያልተጣራውን ደመወዝ ነው፣ እኔ የሰማሁት የተጣራውን።

ስለዚህ ደመወዝ ስትደራደሩ "ይሄ ሳይቆረጥ ነው ወይስ ተቆርጦ?" ብላችሁ ጠይቁ። በፍጹም እንዳታፍሩ።

ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ ደግሞ የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና ካልኩሌተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ዋናው ነገር የአቆራረጡ ቅደም ተከተል ነው። አንዳንዱ ተቀናሽ ከግብር በፊት ይነሳል፤ በብዙ አገር የጡረታ መዋጮ እንዲህ ነው። ከዚያ በቀረው ላይ ግብር ይሰላል። ብድር፣ የማኅበር መዋጮ፣ ቀድማችሁ የወሰዳችሁት ገንዘብ የመሳሰሉት አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ይቆረጣሉ፣ ግብራችሁንም አይቀንሱም።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የመረጥኳቸው፤ የእናንተን መጣኔ ከአገራችሁ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ውሰዱ። ያልተጣራው ደመወዝ 20,000 ይሁን። ጡረታ 5 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ይነሳል፣ 19,000 ይቀራል። የመጀመሪያው 5,000 ከግብር ነፃ ነው እንበል፣ ቀጣዩ 5,000 በ10 በመቶ፣ ከ10,000 በላይ ያለው በ20 በመቶ። ግብሩ 500 ሲደመር 1,800፣ በድምሩ 2,300 ይሆናል። የማኅበር 200 እና የብድር 1,500 ሲነሳ እጃችሁ የሚገባው 15,000 ነው።

አሁን ጡረታው ባይኖር ብላችሁ አስሉት። ግብሩ ወደ 2,500 ይወጣል። ስለዚህ ለጡረታ 1,000 ስታስቀምጡ ከኪሳችሁ የጎደለው 800 ብቻ ነው። ይሄን ሳውቅ ጡረታን ማየት የጀመርኩት በሌላ ዓይን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የግብር እርከን ላይ ነው፤ እርከን ማለት እንደ ምሳሌው የየራሱ መጣኔ ያለው የገቢ ክፍል ነው። "ጭማሪው ወደ ላይኛው እርከን ካስገባኝ ደመወዜ ይቀንሳል" ብሎ የሚጨነቅ ሰው ስንት እንዳጋጠመኝ! ከፍተኛው መጣኔ የሚነካው ከመስመሩ ያለፈችውን ብር ብቻ ነው። በዚሁ ምሳሌ ግብር የሚሰላበት ገቢያችሁ ከ9,900 ወደ 10,200 ቢያድግ፣ በ20 በመቶ የምትታሰበው 200ዋ ብቻ ናት። 40 ትሄዳለች፣ ከጭማሪው የቀረችው 100 እንደ በፊቱ በ10 በመቶ ናት። እውነት ነው፣ አንዳንድ አገር ገቢ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የሚቋረጥ ድጎማ አለ፣ እሱን ለብቻው ማየት ነው። ግብሩ ራሱ ግን በጭማሪ ምክንያት አያከስራችሁም።

ትርፍ ሰዓትና ቦነስ የገባበት ወር ላይ ግብሩ ቢበዛ አትደንግጡ። ተጨማሪው ገንዘብ የሚያርፈው ከላይኛው እርከን ላይ ነውና በመቶኛ ሲታይ ከሌላው ደመወዛችሁ ይልቅ ብዙ ይቆረጥበታል። አበል ደግሞ የትኛው ግብር እንዳለበት፣ የትኛው እንደሌለበት ለይታችሁ ጠይቁ፤ ሁለት ሰዎች እኩል ጠቅላላ ክፍያ እያላቸው እጃቸው የሚገባው የሚለያየው አንዳንዴ በዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ጡረታ ተቆረጠ ማለት በስማችሁ ገቢ ተደረገ ማለት አይደለም። ቢያንስ በዓመት አንዴ ከጡረታ ተቋሙ አረጋግጡ። አሠሪው ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ ካለም ከእናንተ ደመወዝ ላይ እንዳልተነሳ እዩ።

ስሌታችሁና ወረቀቱ ካልተስማሙ ያሰላችሁበትን አያይዛችሁ ሂሳብ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ስህተት ሆኖ ከተገኘ ያለፉትንም ወራት አብረው እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው፤ ስህተቱ የጀመረው በዚህ ወር ላይሆን ይችላል።